በፍጥነት መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ መሪ፦ ባላንስ ከተሠራ በኋላም ያልተወው ችግር

ባለ ኮሮላ፣ አራት ኪሎ

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ።

በፈረንጆቹ 1998 የተሠራች፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ከተማ ውስጥ እንከን የላትም፤ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ሳሪስ ብነዳት መሪው ጸጥ ያለ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ የአዳማውን የፍጥነት መንገድ ስይዝ ነው። የፍጥነት መለኪያው 85 አካባቢ ሲደርስ መሪው በእጄ ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ 95 ላይ ይብስና የእጅ ሰዓቴን ማሰሪያ እስከ ማንቀጥቀጥ ይደርሳል፤ 110ን ሲያልፍ ደግሞ ጋብ ይላል። ፍሬን ስይዝ አይጨምርም። መሪውን ለቀቅ ሳደርገውም መኪናዋ ወደ አንድ ጎን አትስብም። ወንበሩና ወለሉ ላይ የሚሰማኝ ነገር የለም ማለት እችላለሁ።

ሰፈሬ አካባቢ ወደሚገኝ ጋራዥ ወስጃት በመጀመሪያ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከል) ተሠራላት፤ ቀጥሎም የሁለቱ የፊት ጎማዎች ባላንስ (የክብደት ሚዛን) ተስተካከለ፤ ለውጥ ግን አላመጣም። መካኒኩ ችግሩን ራሱ ለማየት አብሮኝ ወጥቶ ቸርችል ጎዳናን ይዞ እስከ ለገሃር ወርዶ ተመለሰና ምንም እንዳልተሰማው ነገረኝ፤ በዚያ መንገድ ላይ መኪናዋን ንዝረቱ የሚጀምርበት ፍጥነት ላይ ማድረስ ስለማይቻል አልፈረድኩበትም። አሁን የሚመክረኝ የመሪውን ሁለት ቴስቲናዎች (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኙትን መጋጠሚያዎች)፣ ጎማውን የሚይዘውን የታችኛውን ክንድ ጎሚኒዎች (የላስቲክ ትራሶች) እና የመሪውን ሳጥን በአንድ ላይ እንድቀይር ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ ዋጋ ጠይቄ ነበር፤ ወጪው ቀላል አይደለም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እንደ እኔ ያለ ሰው ያለችውን መኪና ተንከባክቦ ከመያዝ ውጭ ብዙ አማራጭ ስለሌለው ገንዘቤን በትክክለኛው ቦታ ላይ ማዋል እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት መንስኤውን ለመለየት የሚያስችል ቅደም ተከተል እንዳለ፣ ከዚያ ውስጥም ራሴ በግቢዬ ላደርገው የምችለው የትኛው እንደሆነ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ። ቤተሰቤን ይዤ አዳማ የምሄድበት ጉዳይም ስላለኝ፣ በዚህ ሁኔታ መንዳቱ አደጋ ይኖረው እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መካኒክ ከልደታ

ጤና ይስጥልኝ። በባልደረባዬ ምክር ከመስማማቴም ሆነ ከመቃወሜ በፊት እርስዎ የጻፏቸው ምልክቶች ምን እንደሚሉ ልመልከት፤ ይህ ዓይነቱ ብልሽት መፍቻ ሳይነሳ በጥያቄ ብቻ ግማሽ መንገድ ይሄዳልና።

ፍሬን ሲይዙ አለመባሱ ትልቅ ነገር ነው። የፍሬን ዲስክ ዙሪያውን ውፍረቱ እኩል ካልሆነ፣ ልዩነቱ ጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ሸራው ሲጨብጠው መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ፍሬኑን ሲለቁት ደግሞ ይተዋል። የእርስዎ እንዲህ ስላልሆነ ዲስኩን ቶርኖ ቤት የሚያስወስድ ምክንያት ለጊዜው አይታየኝም። አንድ የተለየ ሁኔታ ግን አለ፤ ካሊፐሩ (ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተጣብቆ ሸራው ዲስኩን ሳያቋርጥ የሚፈትግ ከሆነ ንዝረቱ ፍሬን ሳይያዝም ሊመጣ ይችላል። ከፍጥነት መንገዱ ወጥተው ሲቆሙ እጅዎን ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች (ጎማው ወደሚገባባቸው ብረቶች) ሳይነኩ አስጠግተው ሙቀታቸውን ያወዳድሩ፤ አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚፋጅ ከሆነ ምርመራው ከእሱ ይጀመር።

ንዝረቱ ወንበሩ ላይ ሳይሆን መሪው ላይ መሰማቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይመራናል። የኋላ ጎማ ችግር ሲኖርበት በብዛት የሚሰማው በወንበርና በወለል ነው። ይህ ሁልጊዜ የሚሠራ ሕግ ባይሆንም ለመነሻ ያህል እተማመንበታለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚናገረው ግን የፍጥነቱ ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ጎማዎ 175/65 ቁጥር 14 ከሆነ አንድ ጊዜ ዞሮ 1.83 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 27.8 ሜትር ስለሆነ ጎማው በእያንዳንዱ ሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። በሌላ በኩል ከስፕሪንጉ በታች ያለው አካል፣ ማለትም ጎማው፣ ቸርኬው፣ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የሚዞር ብረት) እና ፍሬኑ በአንድነት፣ የራሱ የሆነ የመርገብገብ ምት አለው፤ ይህም በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ አካባቢ ይሆናል። የጎማው መዞር ከዚህ ምት ጋር ሲገጣጠም በሌላ ፍጥነት ላይ የማይታወቅ ትንሽ ጉድለት ጎልቶ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ምቱን ሲያልፈው ደግሞ ይሸሸጋል። 110 ላይ ጋብ ማለቱ በትክክል ይህን ያሳያል እንጂ ችግሩ ተወገደ ማለት አይደለም። እንዲያውም ጉድለቱ የሚያሳድረው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው የሚያድገው፤ በቸርኬው ጠርዝ ላይ የ30 ግራም መዛነፍ ቢኖር በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ከ1 ኪሎ ትንሽ ያለፈ ሲሆን በ100 ላይ ግን ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል፤ ያም ኃይል በየሰከንዱ 15 ጊዜ አቅጣጫውን እየቀየረ ሞዞውን ይመታል። ቸርችል ጎዳና ላይ ምንም ያልተሰማው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከ85 እስከ 110 ባለው ፍጥነት ውስጥ ብቻ የሚመጣ፣ መሪውን ብቻ የሚነካ፣ ከፍሬን ጋር ግንኙነት የሌለው ንዝረት በአብዛኛው ምንጩ የሚዞር አካል ነው፤ ማለትም ጎማ፣ ቸርኬ፣ ሞዞ፣ አልፎ አልፎም ሰሚያሴ (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ)። ቴስቲናና ጎሚኒ አይዞሩም። ያረጀ ቴስቲና ሌላው የፈጠረውን ንዝረት አጉልቶ ወደ እጅ ያደርሳል እንጂ ራሱ ንዝረት አይፈጥርም፤ የመሪው ሳጥንም እንደዚሁ ነው። አላይመንትም ቢሆን መኪና ወደ ጎን እንዳይስብና ጎማ ያለ አግባብ እንዳይበላ ያደርጋል፤ የተዛነፈ አላይመንት ጎማውን በረጅም ጊዜ አበላሽቶ በተዘዋዋሪ ወደ ንዝረት ሊያደርስ ቢችልም አላይመንት በማስተካከል ብቻ የሚጠፋ የመሪ መንቀጥቀጥ እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ የተነገሩዎት ዕቃዎች በእርግጥ አርጅተው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉንም ቀይረው መንቀጥቀጡ ሊቀጥል እንደሚችል አውቀው ይወስኑ።

ራስዎ ሊያደርጉት ከሚችሉት ሁሉ ብዙ የሚነግርዎት ያለ ምንም ወጪ የሚደረገው ነው፦ የፊት ጎማዎቹን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት፣ ጎናቸው ሳይቀየር ያዛውሯቸው። የንፋሱን መጠን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ መሠረት አስተካክለው ወደዚያው መንገድ ይመለሱና በዚያው ፍጥነት ይንዱ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ጠፍቶ ወንበሩ ላይ ከተሰማዎት ወይም ጨርሶ ከጠፋ ችግሩ ወደ ኋላ ከሄዱት ጎማዎች ወይም ቸርኬዎች በአንዱ ላይ ነው። መሪው ላይ እንዳለ ከቀረ ግን ያልተንቀሳቀሰው አካል፣ ማለትም ሞዞው፣ ዲስኩ፣ ኩሽኔታው (ሞዞው በልስላሴ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ወይም ሰሚያሴው ይጠረጠራል። አራቱም ጎማዎች አንድ ላይ የተበላሹ ከሆነ ይህ ሙከራ ሊያሳስት ይችላል፤ ቢሆንም ከዚህ የሚቀድም ሙከራ አላውቅም።

ጎማዎቹን ለማዛወር መኪናዋን ሲያነሱ ሌላም ነገር አብረው ይዩ። ይህ የመንገድ ዳር ሥራ ስላልሆነ በግቢ ውስጥ፣ በደረቅና ጠፍጣፋ መሬት ላይ ያድርጉት፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ያድርጉ፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው አንደኛውን የፊት ጎማ ከመሬት ያንሱና በእጅዎ ያሽከርክሩት። ከጎማው ጥርስ ፊት ለፊት መሬት ላይ የማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ብሎኬት፣ አቁመው በላዩ ላይ ካቻቢት ያስቀምጡና ጫፉን ወደ ጎማው እስከ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያስጠጉት። ጎማው ሲዞር በካቻቢቱና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋና እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ጎማው ክብ አይደለም። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም ካላለፈ አይጨነቁ፤ 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ለባላንስ የሚለጠፈው የእርሳስ ክብደት ምንም ያህል ቢበዛበት አይስተካከልም። ቀጥሎ ካቻቢቱን ወደ ቸርኬው ጠርዝ አዛውረው ያንኑ ይድገሙ፤ በዚህ የተጣመመው ጎማው ይሁን ቸርኬው ይለያል። ባላንስ የተደረገ ጎማ ሁሉ ክብ ነው ብለን ማሰባችን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክንበት ምክንያት ነው፤ የባላንስ ማሽን የሚያየው ክብደትን ነው፣ ቅርጽን አያይም።

ጎማው እንደተነሳ ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከዚያም ከግራና ከቀኝ ይዘው ይሞክሩ። በመጀመሪያው አያያዝ የሚንኳኳ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ባልጆይንቱ (ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ)፣ በሁለተኛው ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ቴስቲናው ወይም የመሪው ውስጠኛ ዘንግ ይጠረጠራል። ኩሽኔታ ሲያረጅ በብዛት ድምፅ ያሰማል፤ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ የሚጨምር፣ ወደ ሌላው ሲታጠፍ የሚቀንስ ጉርምርምታ ነው።

ቤተሰብ ይዞ ስለ መጓዝ ለጠየቁት፦ የጎማዎቹ ዳዶዎች መጥበቃቸውንና በጎማዎቹ ጎንም ሆነ ጥርስ ላይ እብጠት አለመኖሩን ሳያዩ ወደ ፍጥነት መንገድ አይግቡ። ሁለቱም ደኅና ከሆኑ ለሙከራው ብቻዎን፣ ቀን ላይ፣ በቀኝ መስመር ይንዱ። ቤተሰብዎን ግን መንስኤው ሳይታወቅ ባይወስዱ እመርጣለሁ።

ጎሚስታ፣ ተክለሃይማኖት

ለልደታው ባልደረባ አክብሮት አለኝ፤ እኔ ደግሞ ከእኔ ሙያ በኩል ልጨምር። ጠያቂው «ባላንስ ተስተካከለ» ብለዋል፤ ጥያቄው ባላንሱ እንዴት ተሠራ የሚለው ነው።

ቸርኬው በማሽኑ ዘንግ ላይ መሀሉን ጠብቆ ካልተቀመጠ ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር ዋጋ የለውም። ሾጣጣው ማሰሪያ ከተበላ፣ ወይም የቸርኬው መሀል ቀዳዳ ዝገትና ጭቃ ከያዘ፣ ጎማው በማሽኑ ላይ በአንድ ሁኔታ፣ በመኪናው ላይ ደግሞ በሌላ ሁኔታ ይዞራል። ይህን ደንበኛው ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። ማሽኑ ሁለቱንም ጎን ዜሮ ካሳየ በኋላ ባለሙያው ማሰሪያውን አላልቶ ጎማውን በዘንጉ ላይ ግማሽ ዙር እንዲያዞረው፣ እንደገና አጥብቆም እንዲያስነሳው በትሕትና ይጠይቁት። አሁንም ዜሮ ወይም 5 ግራም ካሳየ ሥራው ትክክል ነው። 15 ወይም 20 ግራም ካሳየ ግን አቀማመጡ ተዛብቷል፤ የተለጠፈው እርሳስም ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል። ሥራውን የሚያከብር ጎሚስታ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

አዲስ እርሳስ ከመለጠፉ በፊት አሮጌው ሁሉ ይነሳ፤ የቸርኬው ውስጠኛ ክፍልም ይታጠብ። በክረምት ከሰፈር ውስጥ መንገድ የሚወጣ መኪና ቸርኬ ውስጥ ጭቃ ይጋገራል፤ ከውጭ ሲታይ ንጹሕ የሚመስለው ቸርኬ ከኋላው ግማሽ እፍኝ የደረቀ ጭቃ ይዞ ይገኛል። በዚያ ጭቃ ላይ የተሠራ ባላንስ ጭቃው ሲረግፍ ይፈርሳል። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ብቻ ማሠራትም ግማሽ ሥራ ነው፤ አራቱንም ያሠሩ።

ቸርኬው ሲገጠምም ሊታይ የሚገባው አለ። የሞዞው ፊትና የቸርኬው ጀርባ የሚጋጠሙበት ቦታ በብረት ብሩሽ ይጠረግ፤ በመካከላቸው የሚቀር የዝገት ቅርፊት ቀጭን ቢሆንም ጎማውን ያዘነብለዋል። የኮሮላዋ ቸርኬ የራሷ ካልሆነና ከሌላ መኪና የመጣ ወይም በኋላ የተገዛ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከሆነ የመሀሉን ቀዳዳ ይለኩት፤ የዚህች መኪና ሞዞ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳው ከዚህ የሰፋ ከሆነ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ቸርኬውን መሀል ላይ የሚይዙት ዳዶዎቹ ብቻ ይሆናሉ።

ዳዶዎቹም በተራ አይጠበቁም፤ አንዱን ካጠበቁ በኋላ ትይዩው ይከተላል። የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናዋ መሬት ከነካች በኋላ ነው መሆን ያለበት፤ ልኩም 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቧንቧ ቀጥሎ በእግር መቆም የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቡሎኑን ይስበዋል፣ ቸርኬውንም ሆነ ዲስኩን ሊያጣምም ይችላል። ልክ የሚያሳይ መፍቻ ያለውን ቤት ይምረጡ።

በመጨረሻ የጎማውን ዕድሜ ይዩ። በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ያመለክታሉ። 2418 ካለ በ2018 በ24ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖረውም 10 ዓመት የሞላውን ጎማ በፍጥነት መንገድ ላይ አልመክርም። አንዳንዱ ደግሞ ተገዝቶ ሲገጠም አዲስ ይምሰል እንጂ መጋዘን ውስጥ ዓመታትን ያሳለፈ ይሆናል፤ ስለዚህ ሲገዙም ይህን ቁጥር አንብበው ይግዙ።

አሽከርካሪ፣ ካዛንቺስ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ አንድ ነገር በቶሎ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ፤ ሰሚያሴው «አልፎ አልፎ» ተብሎ ተጠቅሷል። በእኔ መኪና ላይ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው የሰሚያሴው ውስጠኛ መጋጠሚያ ነበር፤ ጎማ ሁሉ ደኅና ነበር። መለያው ነዳጅ ሲሰጥ መምጣቱና እግር ሲነሳ መጥፋቱ ነው። የአዳማው መንገድ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው፤ ሲሄዱ በአብዛኛው ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ስለሆነ ሞተሩ በሁለቱ ጉዞዎች ላይ የሚሸከመው ጭነት ይለያያል። በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሄዱ ጸጥ ብሎ ሲመለሱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሰሚያሴው ይታይ። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከሆነ ግን ጉዳዩ የጎማ ነው ከሚሉት ጋር እስማማለሁ።

ሞተሩን ከጥርጣሬ ለማውጣት ደግሞ ከኋላዎ ማንም በሌለበት ቀጥ ያለ ቦታ 95 ላይ ሆነው ፍሪሲዮን ረግጠው ለጥቂት ሰከንድ ማርሹን ዜሮ ማድረግ ይቻላል፤ ንዝረቱ ከቀጠለ ከሞተር አይደለም። ቁልፉን ግን በምንም ምክንያት አይዝጉ፤ የመሪውም የፍሬኑም እገዛ ከሞተሩ ጋር ይጠፋልና።

መኪናዋ ግቢ ውስጥ ለሳምንታት ቆማ የነበረ ከሆነ መሬት የያዘው የጎማ ክፍል ጠፍጠፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ንዝረት ጎማው ሲሞቅ ብዙውን ጊዜ ስለሚጠፋ፣ ቢሾፍቱን አልፈው ጭምር የሚቀጥል ከሆነ ይህን ምክንያት ይተዉት።

ባለ ኮሮላ፣ አራት ኪሎ

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ በዚህ ጥልቀት ስለመለሳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በተባለው ቅደም ተከተል ሠርቼ ያገኘሁትን ላሳውቃችሁ።

ጎማዎቹን ከፊት ወደ ኋላ አዛውሬ ወደ ፍጥነት መንገዱ ወጣሁ። መሪው ጸጥ አለ፤ በምትኩ 90ን ሳልፍ ከመቀመጫዬ በታች፣ በስተቀኝ በኩል ይበልጥ፣ የሚንዘር ነገር ተሰማኝ። ሲሄድም ሲመለስም ለውጥ አልነበረውም፤ ማርሹን ዜሮ ሳደርግም ቀጥሏል። ቸርኬዎቹ ላይ ያስተዋልኩት የሙቀት ልዩነት የለም።

ከዚያ በግቢዬ ውስጥ የኋላውን ቀኝ ጎማ፣ ማለትም ቀድሞ ከፊት የነበረውን፣ አንስቼ በብሎኬትና በካቻቢት ሞከርኩት። ለዚህኛው የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ስላስፈለገ ታኮውን ለፊት ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል አድርጌ ማርሹን አንደኛ ላይ አስገባሁ። ቸርኬው ሲዞር ከጫፉ እኩል ርቀት ጠብቆ ያልፋል። ጥርሱ ግን በአንድ ቦታ ላይ፣ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት፣ ከፍ ብሎ ካቻቢቱን ነክቶ ያልፋል፤ በተቃራኒው በኩል ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ቦታ ላይ ጣቴን ሳሳልፍበት የመሀሉ ጥርስ መስመር ትንሽ ወደ ጎን የተጠመዘዘ ይመስላል። በጎኑ ላይ ያለው ቁጥር 1114 ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ክብ ናቸው። የዚህኛው ጥንድ የሆነው የግራው ጎማም ቁጥሩ ተመሳሳይ ነው፤ እብጠት ግን አይታይበትም።

በፊት በኩል ቀኙን ጎማ ከግራና ከቀኝ ይዤ ስነቀንቀው ደከም ያለ መንኳኳት አለው፤ በግራው ላይ የለም። ከላይና ከታች ስይዛቸው ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ስለዚህ የቀረኝ ጥያቄ አንድ ጎማ ብቻ ልግዛ ወይስ ሁለት የሚለው ነው፤ ቴስቲናውንስ አሁን ልቀይረው ወይስ ይቆይ?

መካኒክ ከልደታ

በጣም ጥሩ ምርመራ ነው። የገለጹት ጎማ በውስጡ ያለው የሽቦ ቀበቶ ከላስቲኩ መላቀቅ የጀመረ ነው፤ የጥርሱ መስመር መጠምዘዝና የከፍታው በአንድ ቦታ መወሰን ይህንኑ ያመለክታል። ይህ የንዝረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጎማ በሙቀትና በፍጥነት ውስጥ ጥርሱ በሙሉ ተገሽልጦ ሊወጣ ይችላል። ዛሬውኑ ያውጡት፤ ጎማው እስኪገዛ ድረስም መኪናዋን በስኮርታው (በመለዋወጫው ጎማ) ከተማ ውስጥ ብቻ፣ በዝግታ ይንዱ።

ቴስቲናውን አሁን ይቀይሩ፤ የሚንኳኳውን የቀኙን ብቻ። የተላቀቀ ቴስቲና ከንዝረቱ ተለይቶም ቢሆን የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ አይቆይም። ሲፈታ ስንት ጥርስ እንደተዞረ ቢቆጠርም የጎማው አቅጣጫ ስለሚለወጥ ከዚያ በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው፤ ቀደም ብሎ የተሠራው አይጠቅምም። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ የዳዶው መቆለፊያ ፒን መግባቱን በዓይንዎ ይዩ። የታችኛው ክንድ ጎሚኒዎች ካልተሰነጠቁና ብረት ለብረት ካልተነካኩ ይቆዩ። የመሪው ሳጥን ግን አሁን ባለው ማስረጃ የሚነካበት ምክንያት የለም፤ ዘይት የማያፈስና መላላት የሌለበት ከሆነ ይተዉት።

ጎሚስታ፣ ተክለሃይማኖት

ሁለት ጎማ ይግዙ። የግራው ጎማ እብጠት ባይታይበትም በ2014 የተሠራ ነውና ከቀኙ ጋር እኩል አርጅቷል፤ በአንድ መስመር ላይ አዲስና አሮጌ ጎማ ማሰርም አያያዙን ያዛባል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስምና ልክ ይኑራቸው፤ አራቱን አኃዝ አንብበው፣ ቅርብ ጊዜ የተሠሩትን ይምረጡ።

አዲሶቹን ከኋላ እንዲያስሩ እመክራለሁ። ብዙ ሰው መሪው ያለበት ይቅደም ብሎ ወደ ፊት ያስገባቸዋል፤ ነገር ግን በእርጥብ አስፋልት ላይ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ሾፌሩ ፍጥነት ቀንሶ ይመልሰዋል፣ የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው ዞሮ ከመንገድ ይወጣል። ክረምት ሲገባ በፍጥነት መንገዱ ላይ ውሃ በሚተኛበት ቦታ ሁሉ ይህ ልዩነት ይታያል። አሁን ከፊት ያሉት ሁለቱ ክብ መሆናቸውን ራስዎ አረጋግጠዋል፤ ጥርሳቸው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ እዚያው ይቆዩ።

አራቱም በግማሽ ዙር ማረጋገጫ ባላንስ ይሠሩ። ዳዶዎቹን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና በልኩ ያስጠብቋቸው፤ ወደ አዳማ ከመጓዝዎ በፊት ይህ ርቀት ከተማ ውስጥ ቢሞላ ይሻላል። የወጣውን ጎማ ደግሞ ለስኮርታ ብለው አያስቀምጡት፣ ለሌላ ሰውም እንዳይሸጥ ጎኑን በቢላዋ ቀደው ይጣሉት።